የጠፈር ጣቢያው ሲወርድ አብሮ የሚወርደው ምድጃ

ስለ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ መዘጋት ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው የጠፈርተኞቹን ነገር ነው። እዚያ ውስጥ ስላለ አንድ ምድጃ ግን ብዙም የሚያወራ የለም። ዛሬ እሱን እናንሳ።

ችግሩ የድስት ችግር ነው። ዚርኮኒየም ኦክሳይድ የሚባለው ነገር የሚቀልጠው 2,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት የተቀመጠበት ዕቃ ወይ ራሱ ይቀልጣል፣ ወይ ከቀለጠው ጋር ይዋሃዳል። ታዲያ የለካነው ወጡን ነው ድስቱን?

መፍትሔው ድስቱን መተው ነው። የጃፓኑ የጠፈር ድርጅት ጃክሳ ኪቦ በተባለው ክፍሉ ያስገባው ምድጃ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን እንክብልን በኤሌክትሪክ ኃይል አንሳፎ ይይዛትና በሌዘር ያቀልጣታል። ካሜራ መጠኗን ይቀርጻል፤ ክብደቷ ስለሚታወቅ እፍጋቷ ይሰላል። ከዚያ ጠብታዋን ያርገበግቧታል። የመርገብገቧ ፍጥነት የገጿን ውጥረት ይናገራል። ቶሎ ከረጋች ወፍራም ፈሳሽ ናት፣ ቆይታ ከረጋች ቀጭን።

ይሄ መሬት ላይ አይሠራም ወይ? ለብረቶች ይሠራል፤ ናሳም በማርሻል ማዕከሉ ሠርቶበታል። ኦክሳይዶችን ግን የመሬትን ስበት አሸንፎ በኤሌክትሪክ ማንሳፈፍ ከባድ ነው። በጋዝ ግፊት ማንሳፈፍም አለ፤ ግን ግፊቱ ራሱ ጠብታዋን ያናውጣታል። ጠፈር ላይ ትንሽ ኃይል ይበቃል።

ምን ያደርግልናል ለሚል፣ ፉኩሺማን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሦስት ማብላያዎች ውስጥ ቀልጦ የረጋው ፍርስራሽ 880 ቶን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። የነዳጁ መሸፈኛ ዚርኮኒየም ስለነበረ ኦክሳይዱም እዚያው ውስጥ አለ። በ2024 መጨረሻ በሙከራ የወጣው ግን አንድ ግራም እንኳን አይሞላም። የቀረው የት እንደፈሰሰ በኮምፒውተር ለመገመት፣ የቀለጠው ነገር ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ማወቅ ግድ ነው። የገባው ቁጥር ከተሳሳተ ግምቱም ይሳሳታል።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንምጣ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ካገለገለ በኋላ ወደ ውቅያኖስ እንዲወርድ ታቅዷል። ናሳ ለማውረጃው መንኮራኩር በ2024 ለስፔስኤክስ እስከ 843 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ሰጥቷል። የጃክሳ ምድጃና በአውሮፓውያኑ ኮሎምበስ ክፍል ያለው ሌላ የማንሳፈፊያ መሣሪያ ተነቅለው ካልተመለሱ አብረው ይሄዳሉ። ቻይና በበኩሏ ቲያንጎንግ ላይ የራሷ ዕቃ አልባ ምድጃ አላት።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቀጣዮቹ ጣቢያዎች የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ ኩባንያ ደግሞ የሚያስበው ስለ ገቢው ነው። የአንዲት ጠብታን ውፍረት መለካት ቶሎ ገንዘብ አያመጣም። ግን አንድ ቀን አደጋ ሲደርስ ሁሉም የሚጠይቀው ያንን ቁጥር ነው። ያኔ ቁጥሩ ከሌለ፣ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?