«አላየሁም» ማለትም ምስክርነት ነው



ለመሆኑ ውሸት ማለት ምን ማለት ነው? ያልሆነውን ሆነ ማለት ብቻ ነው? እኔ እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሰፈሬ ልደታ ነው። ልደታ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው። ጠዋት ወደ ኮሌጅ ስሄድ ወረቀታቸውን በፌስታል የያዙ ባለጉዳዮችና ምስክሮች ወደዚያ ሲጣደፉ አያለሁ። ክርስቲያኑ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ ሙስሊሙ በቁርኣን ምሎ ይመሰክራል። በሐሰት የመሰከረ እንደሚቀጣም በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ይደነግጋል። እኔ ግን የተፈተንኩት ችሎት ፊት አይደለም። እዚያው ሰፈራችን ውስጥ፣ ሽማግሌዎች ፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ የአንዲት ጎረቤታችንን የጀበና ቡና መሸጫ ገጨው። ጀበናው ተሰበረ፣ ስኒው ደቀቀ፣ የፈላው ቡና የእማማን እጅ አቃጠላቸው። ወንድሜ «አስፋልቱ ላይ ዘርግተው ነው፤ ጥፋቱ የሳቸው ነው» አለ። እማማ ደግሞ «እኔ ግድግዳውን ተጠግቼ ነው የተቀመጥኩት» አሉ። ክስ ከመመሥረቱ በፊት በሽምግልና ይታይ ተባለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞረው «አንተ እዚያው ቆመህ ነበር፤ ምን አየህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አይቻለሁ። ግድግዳው ሥር ነበሩ። ነገር ግን ወንድሜ መኪናውን የገዛበት ብድር ገና አላለቀም፤ የኔንም የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍነው እሱ ነው። «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ አላየሁም» አልኩ። ይባስ ብለው እማማ ራሳቸው «እሱ ልጅ አይዋሽም። ካላየ አላየም፤ ይቅር በቃ» ብለው እጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተነሡ።

ኧረ እንዴት ያለ ነገር ነው! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «እኔ በእሳቸው ላይ አልመሰከርኩም፤ ዝም ነው ያልኩት» የሚል ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ቁርኣን ስቀራ አን-ኒሳእ ምዕራፍ 135ኛው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ። አንቀጹ የሚጣራው ያመኑትን ነው፤ በፍትሕ እንዲቆሙ፣ በራሳቸው፣ በወላጆቻቸውና በዘመዶቻቸው ላይ እንኳ ቢሆን ለአላህ ብለው እንዲመሰክሩ ያዛል። ሰውየው ሀብታም ቢሆን ብላችሁ አትፍሩ፣ ድሃ ቢሆን ብላችሁ አታዳሉ፤ ለሁለቱም ከእናንተ ይልቅ አላህ ቅርብ ነው የሚል መልእክት አለው። «ወንድሜ ዕዳ አለበት» የሚለው ሰበቤ እዚህ ላይ ወደቀ።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻው ነው። ምስክርነትን የሚያጣምምና ከምስክርነት የሚሸሽ እዚያው ጎን ለጎን ተጠቅሰዋል፤ የሁለቱንም ሥራ አላህ ያውቃል ተብሏል። በአል-በቀራ ምዕራፍ 283ኛው አንቀጽም ምስክርነትን የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ ነው ይላል። ምላሱ አላለም፣ ልቡ ነው ያለው። ለካስ እኔ ያመለጥኩ የመሰለኝ በር ድሮውንም ተዘግቶ ኖሯል!

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባላል። ከዘመድ ጋር መቆም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ታሪካችን የሚያስተምረን ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው ወደ አገራችን የመጡትን የነቢዩን ተከታዮች እናስታውስ። በሲራ መጻሕፍት እንደሚተረከው የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ሊያስመልሷቸው መጡ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከመርየም ምዕራፍ ቀርቶላቸው ነጃሺ አልቅሰው አሳልፌ አልሰጣቸውም አሉ። በማግስቱ ግን ከመልእክተኞቹ አንዱ «ስለ ኢሳ የሚሉትን ጠይቃቸው» ብሎ ተመለሰ። ስደተኞቹ የተጠለሉት በክርስቲያን ንጉሥ ጥላ ሥር ነው። አድበስብሰው ማለፍ ይችሉ ነበር። ተማከሩና የመጣው ይምጣ ብለው ያመኑትን ተናገሩ፤ ኢሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ነው አሉ። በዙሪያው የነበሩት ቢያጉረመርሙም ንጉሡ ስጦታውን መልሶ እንግዶቹን ጠበቃቸው። እነሱ እውነቱን የተናገሩት በገዛ ደኅንነታቸው ላይ ነው፤ ንጉሡም የፈረደው በገዛ ሹማምንቱ ቅሬታ ላይ ነው።

እንግዲህ የኔ አስተያየት ይህ ነው። እምነታችን የሚታወቀው በጠላት ላይ እውነት ስንናገር አይደለም፤ ያ ለማንም አይከብድም። የሚታወቀው እውነቱ ወገናችንን በሚጎዳ ጊዜ ነው። እስቲ በየክፍላችን እንየው። ለቀረ ጓደኛ የሚፈርም አለ፤ ያንን እያየ «እኔ ምን አገባኝ» የሚልም አለ። በቡድን ሥራ ምንም ያልሠራን ሰው ስም እንጽፋለን፣ መምህሩ ሲጠይቅ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። ማናችንም ውሸታም ነኝ አንልም፤ «አላየሁም» ባዮች ነን።

እኔ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሼ ያየሁትን ተናገርኩ። ወንድሜ የጀበናውንም የሕክምናውንም ከፈለ። ሁለት ወር አላናገረኝም፤ አሁንም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለንም። እውነት ዋጋ አያስከፍልም ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። እማማን ይቅርታ ስጠይቃቸው «እኔስ ያመመኝ እጄ አልነበረም» አሉኝ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ልክ ነው። ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ በጨለማው የሚጎዳ ሰው አለ፤ ስለዚህ ያየን ሰዎች ሳንጠየቅም እንናገር።

ቸር እንሰንብት!