«በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር»

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ልብ ብላችሁ አዳምጣችሁት ታውቃላችሁ? ቅርጹ መቼም ያው ነው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…፤ ትዳር መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…። ሟቹ የመንግሥት ሠራተኛ ከነበሩ መሀል ላይ ረዘም ያለ አንቀጽ ይገባል። ከዚህ መሥሪያ ቤት ወደዚያ ተዛወሩ፣ የዚህ ክፍል ኃላፊ ሆኑ እየተባለ ይቀጥላል። የእጅ ባለሙያ ከነበሩስ? አንዲት መስመር ናት፦ «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር»።

ሽሮ ሜዳ ያደግን ልጆች ይህችን መስመር በቅርቡ የሰማናት 87 ዓመት የኖሩ አንድ አባት ሲቀበሩ ነው። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም፤ ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» ነበር የሚላቸው። በወጣትነታቸው ከጨንቻ ደጋ መጥተው፣ ከእንጦጦ ሥር ቤት ቀልሰው፣ ከ60 ዓመት በላይ ሸማ ሠርተዋል። ሸማኔ ነበሩ። ቃሉ ይኸው ነው፤ ቀብሩ ላይ ግን አንዴም አልተጠራም።

(ለማታውቁት፦ ሸማኔው መሬት ላይ ይቀመጥና እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መርገጫውን ይረግጣል፤ በእጁ ደግሞ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሰዳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ መወርወር ብቻውን አይበቃም። ድሩን በጣት እየቆጠሩ ባለቀለሙን ክር ማስገባት አለ። አባባ ይህን ሲያደርጉ ፊታቸው ምንም ወረቀት አልነበረም፤ ንድፉ ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው።)

የተነበበው ወረቀት «ቤተሰባቸውን አጥብቀው የሚወዱ» ይላል። እውነት ነው። ግን በምን ነበር የሚወዱት? ባለቤታቸው ጥጡን ዳምጠው፣ በእንዝርት ፈትለው ማጉን ያቀርባሉ፤ እሳቸው ይሸምኑታል። የሁለቱ ትዳር እንዲህ ነበር። ጎረቤቱ «እነ አባባ ከአንድ ቀን በላይ መኳረፍ አይችሉም» እያለ ይስቅባቸው ነበር፤ ማግ ሲያልቅ መነጋገር ግድ ነዋ! ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረብ ትእዛዝ ስለሚበዛ ሌሊቱን ሁሉ ይሠራሉ፤ ልጆቹ የሚተኙት የመርገጫውን ድምፅ እየሰሙ ነው። 6 ልጆች ድረዋል፤ ለእያንዳንዳቸው ሠርግ ገበያ የማይወጣ፣ ሁለተኛ የማይደገም ጥለት ሠርተዋል። የትምህርት ቤቱም ክፍያ፣ የቤቱም ቆርቆሮ የወጣው ከዚያች ጉድጓድ ነው። ታዲያ ሽመናውን ከሕይወታቸው ስናወጣው ስለ ፍቅራቸው ምን የምንናገረው ይቀረናል?

ልጆቹን ለመውቀስ ቸኩለን ነበር፤ ታላቋ ልጅ የነገረችን ግን አስቆመን። ትምህርት ቤት ስትመዘገብ ፎርሙ ላይ «የአባት ሥራ» የሚል ቦታ ነበር። «ነጋዴ ብለሽ ሙይ» ያሏት ራሳቸው አባባ ናቸው። ልጃቸው ክፍል ውስጥ እንዳትሰደብ ብለው የገዛ ሙያቸውን ሰረዙ። ልጆቹም ቀብራቸው ላይ ያንኑ ትእዛዝ ነው የፈጸሙት።

ይህ ስድብ የዛሬ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው ማለት ነው! አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፦ አገሪቱን ያለበሷትና ያበሏት እነሱ ናቸው፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ ለስድብ ይውላል። «ዶርዜ» ከጋሞ ሕዝብ የአንዱ ማኅበረሰብ ስም ነው፤ እኛ አዲስ አበቤዎች ግን የሸማኔ ሁሉ ቅጽል አድርገነው አረፍን፤ ያውም ብዙ ጊዜ ለማሾፍ።

የቀብሩን ዕለት ዞር ብለን ሕዝቡን ስናይ የተሰማን ነገር አለ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሽማግሌው ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። ከመካከላቸው ስንቱ የአባባን እጅ ሥራ ለብሶ ይሆን? ለብሰናቸው ቆመን ነው «በግል ሥራ» ሲባል የሰማነው።

ዛሬ የሐበሻ ልብስ ፋሽን ሆኗል፤ ደስ ይላል። መድረክ ላይ ሲታይ የዲዛይነሯ ስም ይጠራል፣ የሞዴሏም ይጠራል፣ የሸማኔው የለም። ጥለቱን በማሽን አትሞ በርካሽ የሚያመጣ ነጋዴም ሞልቷል፤ አባባ እሱን ጨርቅ በሁለት ጣታቸው ይዳስሱትና ምንም ሳይሉ ይመልሱት ነበር። ደግሞ ሙያውን ስናወድስ ጉዱን አንሸፍንም፦ ከጋሞ አምጥተው በሕፃናት ጉልበት የሚያሸምኑ እንዳሉ ሽሮ ሜዳ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እሱም ቢሆን የሚነገረው ሽመና ስሙ ሲጠራ ነው፤ «የግል ሥራ» ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል።

ጋዜጠኝነት ስንማር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ ብለን እንድንጠይቅ ነው የተማርነው። ከእነዚህ «ምን» የምትለዋ አባባ ላይ ተዘለለች። አባታችሁ አናጺ፣ እናታችሁ ሸክላ ሠሪ ከሆኑ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። ሙያውን ከማን ተማሩት? የመጀመሪያ ሥራቸውን ስንት ሸጡት? የትኛው ሥራ አስቸገራቸው? የመሣሪያዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠይቋቸው። እኛ አባባን ይህን ሁሉ ልንጠይቃቸው ስንችል ሻይ ጠጥተን ስንወጣ ኖረናል።

ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ፎቶግራፋቸው ያለበት የመታሰቢያ ወረቀት ይታተማል። «ሸማኔ» የምትለዋ ቃል እንድትገባበት ልጆቹን ጠይቀናል። ታላቋ ተስማምታለች፤ ትንሹ ወንድሟ «እናስብበት» ብሎናል።