ሥራ ማቆም የማይችል ሠራተኛ በምን ኃይል ይደራደራል?



የፓርቲያችን የምርጫ ማኒፌስቶ የሠራተኛ መብትን በሚመለከተው ክፍሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችን ጉዳይ በስም ማንሳቱ አንዳንድ ወገኖችን አስገርሟል። ሐራ ላይ አውሮፕላን የት አለ? ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው ባቡር እንኳ፣ በ2007 ሥራው ተጀምሮ፣ በ2013 እና በ2014 ጦርነት ንብረቱ ተዘርፎ፣ ዓመታት አስጠብቆናል። ለእኛ የመብራትና የውኃ ነገር እያለ ስለ ባለ ትልቅ ደመወዙ ካፒቴን መጨነቅ ምን ይጠቅመናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው አብራሪውን የሥራ ማቆም መብት የነፈገው ሕግ ውስጥ ነው፤ የመብራቱም የውኃውም ሠራተኛ እዚያው ሕግ ውስጥ ተጽፏልና።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት፣ ከአሠሪያቸው ጋር የመደራደርና ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታቸውን የማሰማት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከሕገ መንግሥቱ በፊት የወጣው አዋጅ ቁጥር 42/1985 ይህን መብት ለአየር መንገድ ሠራተኞች ከልክሎ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ክልከላውን እንዳለ ወሰደው። የለውጥ መንግሥት የተባለው በ2011 አዋጅ ቁጥር 1156ን ሲያወጣም አልነካውም። ሦስት አዋጆች ተለዋወጡ፤ ክልከላው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ተላለፈ። «እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት» በሚል ስም የአየር ትራንስፖርት፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ የውኃ አቅርቦት፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ቤት፣ የእሳት አደጋ፣ የቴሌኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ሥራ እንዳያቆሙ ተደርጓል። እንግዲህ የወልዲያው የመብራት መስመር ሠራተኛ፣ የመርሳው የውኃ አገልግሎት ባለሙያና የቦሌው ካፒቴን በአንድ አንቀጽ ታስረዋል ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ድንጋጌ ነው። ሠራተኛውና ድርጅቱ የሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት የአገልግሎት ዘመን አለው፤ በስምምነቱ ሌላ ካልተባለ ሦስት ዓመት ነው። ዘመኑ ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ አዲስ ስምምነት ካልተደረሰ ደመወዝንና ሌሎች ጥቅሞችን የሚመለከቱት የስምምነቱ ክፍሎች ተፈጻሚነታቸው ይቀራል። አሁን ይህን ከፊተኛው ክልከላ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። አሠሪው በድርድር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ሦስት ወር ቢያሳልፍ የሚያጣው ነገር የለም። ሠራተኛው ግን የውሎ አበሉን፣ የሌሊት በረራ ክፍያውን፣ ለዓመታት ተደራድሮ ያገኘውን ሁሉ ያጣል። ሌላው ሠራተኛ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ሁሉ አሟልቶ ሥራ ሊያቆም ይችላል። አብራሪው ይህን ቢያስብ እንኳ ሕገወጥ ይባላል። የቀረው መንገድ ጊዜያዊ ቦርድ ነው፤ አየር መንገዱ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት በሆነበት አገር ቦርዱን የሚያቋቁመውም መንግሥት ነው። በአንድ በኩል የክስ ባለቤት፣ በሌላ በኩል የዳኛ ሿሚ ሆኖ የሚቀርብ አካል በየትኛው የሕግ ትምህርት ቤት ገለልተኛ ይባላል?

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች ያጸደቀችው በ1955 ነው። የድርጅቱ የባለሙያዎችና የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴዎች ለረጅም ዘመን ያጸኑት መመዘኛ ግልጽ ነው። ሥራ ማቆም ሊከለከል የሚችለው መቋረጡ የሕዝብን ሕይወት፣ ደኅንነት ወይም ጤና አደጋ ላይ በሚጥል አገልግሎት ብቻ ነው። በዚህ መመዘኛ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ከዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። አብራሪው ግን አይገባም። ያልተነሣ አውሮፕላን አይወድቅም። እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ይገባናል፤ ፓርቲያችን ተቆጣጣሪው ማማውን ጥሎ ይሂድ አይልም። ይሁን እንጂ ሥራ የማቆም መብት የተነፈገው ሰው በምትኩ ፈጣንና ገለልተኛ ግልግል ሊሰጠው ይገባል፤ ያም መመዘኛው ራሱ የሚጠይቀው ነው። በነሐሴ 2010 የአዲስ አበባ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በክፍያ ጉዳይ ሥራ ሲያቆሙ ያገኙት ግልግል አልነበረም። ዘጠኝ ሰዎች ታሰሩ፤ ጎረቤት የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ደግሞ በአዲስ አበባ የአየር ክልል ስላለው ደኅንነት ማስጠንቀቂያ አወጣ።

በ2012 ደግሞ ተራው የአብራሪዎቹ ሆነ። በአየር መንገዱ አዲስ የተቋቋመው መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር የነበረ ካፒቴን ታሰረ፤ ከሥራውም ተሰናበተ። የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ድርጊቱን በይፋ ተቃወመ። መምህራን ወገኖቻችን ይህን ታሪክ ሲሰሙ ያውቁታል። በ1941 የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር መሪ ታስሮ፣ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 በጥይት ተገድሎ፣ በመጨረሻም በ2000 ስሙና ንብረቱ በፍርድ ቤት ውሳኔ በመንግሥት ለተደገፈው ማኅበር ተሰጥቷል።

ይህ ጉዳይ የካፒቴኖች ኪስ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ነሐሴ 2014ን ያስታውስ። ከካርቱም የመጣ የአየር መንገዳችን አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሲደርስ መውረድ ሳይጀምር በከፍታው ቀጠለ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ተዘገበ። ድርጅቱ ከመቆጣጠሪያው ጋር ግንኙነት ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ አብራሪዎቹን ምርመራው እስኪያበቃ ከሥራ አገደ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እዚህ አንፈርድም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የደከመ አብራሪ «ዛሬ አልበርም» ሲል ከኋላው ማን ይቆማል? የዕረፍት ሰዓት በኅብረት ስምምነት የሚሻሻል ጉዳይ ነው። ስምምነቱ ሲሞት፣ ማኅበሩም ሲፈራ፣ አፉን የሚዘጋው አብራሪ ብቻ አይደለም። ከኋላው የተቀመጠችው፣ ከሀብሩ ተነሥታ ጅዳ ለሥራ የምትሄደው ልጃችንም በዚያ ዝምታ ውስጥ ነች።

አብራሪዎች ሥራ ቢያቆሙ እርሷው ጅዳ ላይ አትቀርም ወይ? ትቀራለች፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ይህን አንክድም። በጥቅምት 2015 መጨረሻ የኬንያ ኤርዌይስ አብራሪዎች ሥራ ሲያቆሙ በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች ናይሮቢ ላይ ተጉላልተዋል። ነገር ግን ጉዳዩን የያዘው ፍርድ ቤት ነበር። አብራሪዎቹ ወደ ሥራ እንዲመለሱ፣ ድርጅቱም እንዳይበቀላቸው አዘዘ፤ በቀናት ውስጥ በረራው ቀጠለ። የሌላው ምርጫ ምሳሌ አሜሪካ ናት፤ በ1973 ፕሬዚዳንት ሬገን ከ11 ሺህ በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን በአንድ ጊዜ አባረሩ፤ የተባረሩትን ለመተካት ዓመታት ፈጀ።

በእኛም አገር ማፈን አልሠራም። በ1966 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አራት ቀን ዘልቆ በድርድር ተቋጨ። ደርግ ግን በመስከረም 1968 የማኅበሩን ወረቀት በበተኑ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ተኩስ ከፈተ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ማኅበሩም ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለወሎ ሕዝብ መንገር አያስፈልግም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አላኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ የተሰጣቸው መልስ እስር የሆነውም ከዚሁ አስተሳሰብ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አትሸፈንም፤ የምትደራደርበት የኅብረት ስምምነትም አልነበራትም። ካፒቴኑ ያለውን ሲያጣ እርሷ ደግሞ ከመጀመሪያው የሚወሰድባት አልነበረም።

ስለዚህ ፓርቲያችን ለደመወዝ ጭማሪ ተስፋ አይሰጥም፤ የሌለንን ገንዘብ በምርጫ ሰሞን አንበትንም። የምንገባው ቃል ሕጉን የሚመለከት ነው። አብራሪ፣ ቴክኒሻንና የበረራ አስተናጋጅ በቂ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ለሕሙማንና በውጭ ላሉ ዜጎች የሚያስፈልገውን አነስተኛ በረራ ሳያቋርጡ ሥራ ማቆም እንዲችሉ አዋጁ ይሻሻላል። መብታቸው ለሚገደበው ለተቆጣጣሪዎችና ለድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ውሳኔው መንግሥትንም የሚያስገድድ፣ ሰብሳቢው በሁለቱ ወገኖች ስምምነት የሚመረጥ የግልግል ጉባኤ ይቋቋማል። አዲስ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ የነበረው የኅብረት ስምምነት በሙሉ ይጸናል። በማኅበር እንቅስቃሴ ምክንያት ከሥራ የተባረሩ ሰዎች ጉዳይ እንደገና ይታያል።

የገዥው ፓርቲ እጩ ሐራ ላይ ስብሰባ ሲጠራ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፤ ያ የሦስት ወር ድንጋጌ ይሰረዛል ወይስ ይቀጥላል? የእኛን መልስ በጽሑፍ ይዛችኋል፤ የእርሱንም በጽሑፍ ተቀበሉት።