ጨዉን አይቶ ባሕሩን የረሳ ካሜራ

ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ ውይይት በተነሣ ቁጥር ተደጋግሞ የሚደመጥ አንድ አባባል አለ። «ከፎቶግራፍ አንሺ የሚጠበቀው ውብ ምስል ማቅረብ ነው፤ ምስሉ የምን እንደሆነና ምን እንደሚያስረዳ መናገር የሳይንቲስቱ ድርሻ ነው» የሚል። አባባሉ ላይ ላዩን ሲታይ ትሕትና ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን «ጥበብ ለጥበብ» የተባለው አሮጌ ፈሊጥ አዲስ ካባ ደርቦ መምጣቱን መረዳት አያዳግትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተሳሰብ በአንድ ተጨባጭ ጉዳይ፣ ማለትም በኮራል አለት ፎቶግራፍ፣ መሞገት ነው።

እንደሚታወቀው፣ በአፋር ምድር የሚገኘው የደናክል ረባዳ ሜዳ ዝቅተኛው ሥፍራ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ በፊት ይህ ሜዳ የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። በዳርቻውም ኮራል የተባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከውኃው ኖራን እየለዩ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተነባበረ፣ የድንጋይ ግንብ ገነቡ። በኋላ የመሬት መነሣትና የእሳተ ገሞራ ሥራ የባሕሩን መግቢያ ዘጋ፤ ውኃው በፀሐይ ተነነ፤ ጨው ቀረ። ግንቡ ግን ዛሬም በረሃው ጠርዝ ላይ ከነዛጎሉ ቆሟል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ስለ ደናክል የሚታተመውን የቀን መቁጠሪያ፣ የፖስታ ካርድና የዐውደ ርእይ ምስል እንመልከት። የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ ኩሬ አለ፤ የኤርታ አሌ እሳት አለ፤ ጨው የተጫኑ ግመሎች በጀምበር መጥለቂያ ተሰልፈው አሉ። የኮራሉ ግንብ ግን ከስንት አንዴ ቢገኝ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ካሜራው ውጤቱን አንሥቶ ምክንያቱን ትቶ ተመለሰ። ጨዉ ያለ ባሕሩ ምን ትርጉም አለው? አሞሌው ከምን ተቆረጠ? ግመሉስ የተጫነው የምንን ቅሪት ነው? ይህን የማይመልስ ምስል፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ግማሽ ምስል ነው።

ጉዳዩ የበረሃው ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ቡታን እ.ኤ.አ. በ1893 በባንዩልስ ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ ካሜራውን ውኃ በማያስገባ ሣጥን ከቶ ሲጠልቅ ዓላማው በባሕር ውስጥ ያለውን ሕይወት ለጥናት መመዝገብ ነበር። ጥበቡ በዕውቀት ጥማት ተወለደ ማለት ነው። ከስድሳ ዓመታት በኋላ ግን ኩስቶና ሉዊ ማል የሠሩት «ዝምተኛው ዓለም» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1956 በካን ከፍተኛውን ሽልማት ሲያገኝ፣ በውስጡ የኮራል አለት በድማሚት ሲፈነዳና የሞቱ ዓሦች ሲለቀሙ የሚያሳይ ትዕይንት ነበረበት። ምክንያቱ የዓሦቹን ዓይነት መቁጠር ነው ተባለ። ተመልካቹም አጨበጨበ። ዛሬ ያንን ትዕይንት ያለ ሐፍረት የሚመለከት የለም፤ ሆኖም ውበት ብቻውን ሕሊና እንደማይሆን የሚያስተምር ትልቅ ማስረጃ ሆኖ ቀርቷል።

የዘመናችንም ፈተና ከዚህ የራቀ አይደለም። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ በአካሉ ውስጥ የሚኖሩትንና የሚመግቡትን ረቂቅ አልጌዎች ይለቅና ይነጣል፤ አንዳንዱም ከመሞቱ በፊት ደማቅ ሐምራዊና ሰማያዊ ያበራል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ዙሪያ አራተኛው የኮራል መንጣት መከሰቱ ተረጋገጠ። ያንን ብርሃን አንሥቶ «የባሕር አበባ» ብሎ የሚሰቅል ፎቶግራፍ አንሺ የታማሚን ትኩሳት የጤና ወዝ አድርጎ ያቀረበ ሰው ነው። ከምስሉ ሥር የሚጻፈው አንድ መስመር ውሸቱን ወደ ምስክርነት ሊለውጠው ይችል ነበር።

«የደረቀ ድንጋይ ለካሜራ አይመችም» የሚሉም አይጠፉም። ይህ የስንፍና ምክንያት ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ግንቡ ጠፍጣፋ ግድግዳ ይመስላል፤ ማለዳና ማታ ብርሃኑ በጎን ሲያርፍበት ግን የእያንዳንዱ እንስሳ ማደሪያ በጥላ ተቀርጾ ይወጣል። ባሕር ውስጥ የሚሠራው ባለሙያ ውኃው ቀይ ቀለምን አስቀድሞ ስለሚውጥበት መብራት ይዞ ይጠልቃል፤ የበረሃው ባለሙያ የሚጠየቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። አጠገቡም መለኪያ ዘንግ ወይም የሰው እጅ ካልገባ ምስሉ የኮረብታ ይሁን የጠጠር ማወቅ አይቻልም። ደግሞም ኮራል ለሰው እንግዳ ድንጋይ አይደለም፤ የዳህላክ ደሴቶች በአብዛኛው ከእርሱ የተሠሩ ናቸው፤ የምጽዋ ጥንታዊ ቤቶችም ከእርሱ ታንጸዋል። ከባሕሩ ዳር እስከ በረሃው ጠርዝ አንድ ታሪክ ነው፤ ካሜራው ነው የቆራረጠው።

ከሁሉ የከፋው ሰውን የሚመለከተው ነው። ከጀምበሯ ፊት እንደ ጥላ የቆመው አፋር ጨው ቆራጭ ስም የለውም፣ ፊት የለውም፣ ሙያም የለውም። የጨዉን ንጣፍ በምን መሣሪያ እንደሚፈነቅል፣ አሞሌውን በምን ልክ እንደሚጠርብ ምስሉ አይነግረንም። ድንጋዩን ያለ ታሪክ ያነሣ ካሜራ ሰውንም ያለ ታሪክ ማንሣቱ አያስደንቅም። ሁለቱም ስሕተቶች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

ስለዚህ ለፎቶግራፍ ባለሙያው የምናቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ቦታውን ይጻፍ፣ ቀኑን ይጻፍ፣ መጠኑን ያሳይ፣ የሰውየውን ስም ይጠይቅ። ከግንቡም ቁራሽ ሰብሮ አይውሰድ፤ ምስሉ ይበቃዋልና። መምህሩ የግመሉን ምስል በክፍሉ ሲሰቅል የኮራሉን ምስል ከጎኑ ያድርግ፤ ተማሪውም ሁለቱን እንዲያገናኝ ይጠይቀው። ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጀው የባህል ሠራተኛና ካድሬም ምስል ሲመርጥ «ያምራል ወይ?» ከሚለው ጋር «ምን ይመሰክራል?» ብሎ ይጠይቅ። ባሕሩ ከሄደ ብዙ ሺህ ዘመን አልፎታል፤ ምስክሩ ግን በደጃችን ቆሞ የሚሰማው ይጠብቃል።