ፖስታው ራሱ ይናገራል




በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በቅርቡ አንድ ባልደረባችን ስልኩን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ። ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ በገጹ ላይ የታየው የአንድ ሆስፒታል የቲቢ ክፍል ስም ብቻ ነበር። አንድ ቃል እንኳ የሰማ ሰው የለም። ሆኖም ሰውየው ሳይመለስ ሐሜቱ ተጀመረ፤ ወንበሬን ከወንበሩ ካራቁት አንዱ እኔ ነኝ።

ዛሬ በዋትሳፕና በሲግናል የምንጽፈው ቃል ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ይቆለፋል። መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚቆለፈው ደብዳቤው እንጂ ፖስታው አይደለም። መስመሩን የሚመለከት ሰው መልእክቱ የወጣበትንና የደረሰበትን ሰዓት፥ መጠኑንም አስተያይቶ ሁለቱን ሰዎች ሊያገናኛቸው ይችላል።

በ1973 ዓ.ም. ዴቪድ ቻውም የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፥ የብዙ ሰዎችን መልእክት ሰብስቦ፥ በመጠን አስተካክሎ፥ ቅደም ተከተሉን ደባልቆ የሚያስተላልፍ ጣቢያ እንዲኖር አሳብ አቀረበ። ለተማሪዎቼ በገበያ እመስለዋለሁ። ከወገራና ከደምቢያ የመጣው ሁሉ ጋቢውን ለብሶ ሲተራመስ ማን ከማን ጋር እንደ ተነጋገረ መለየት ያስቸግራል፤ ገበያ በሌለበት ቀን ግን በባዶው ሜዳ የቆሙ ሁለት ሰዎች ከሩቅ ይታያሉ።

ቶር የሚባለው መረብም መልእክትን በሦስት ጣቢያዎች እያዞረ ያስተላልፋል፤ እርሱ ግን ስለማያቆይና ስለማይደባልቅ ሁለቱን ጫፍ ከሚያይ ሰው አያድንም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. አንድ የሃርቫርድ ተማሪ ፈተና ለማስቀረት በቶር ተሸሽጎ የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ ላከ። የተደረሰበትም በዚያው ሰዓት በዩኒቨርሲቲው መስመር ወደ ቶር መግባቱ ስለ ታወቀ ነው። መያዙ አላሳዘነኝም፤ ዳሩ ግን በባዶ ሜዳ ጉቦን የሚጠቁመው ጸሐፊና በሽተኛውም እንዲሁ ይታያሉ።

በአገራችን በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር መታገዱን አዘጋጆቹ ገልጸው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 26 የግል ግንኙነታችን እንዳይደፈር ይደነግጋል።

«የምደብቀው የለኝም» የሚሉኝ የመሥሪያ ቤት ወዳጆቼ ብዙ ናቸው። እኔም የምለምነው በተለይ እነርሱን ነው፤ የሚደብቁት የሌላቸው ወደ ገበያው ካልገቡ ገበያ የሚሆን ሕዝብ ከወዴት ይመጣል? እኔ በበኩሌ ስለ ጤፍ ዋጋ ለባለቤቴ የምጽፈውን ሁሉ በቶር በኩል መላክ ጀምሬአለሁ። ጥቂት ይዘገያል፤ እርስዋም ታማርራለች።

አንድ መምህር
ከጎንደር