የተለጠፈ ሁሉ የተነገረ አይደለም

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነበር። በእነዚህ 21 ዓመታት ስለ ፓርኩ የተላለፉት ውሳኔዎችና የቀረቡት ሪፖርቶች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ድረ ገጽ ማንም እንዲያያቸው ተቀምጠዋል። ታዲያ ግልጽነት ማለት ይኸው አይደለምን?

በእኔ እምነት አይደለም። የኮሚቴው የሥራ ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ናቸው። የቅርሱ አጭር መግለጫ በአረብኛ፣ በቻይንኛና በሩሲያኛ ጭምር ሲቀርብ አማርኛ ከቋንቋዎቹ ውስጥ የለም። ከግጭ መንደር ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2016 ደባርቅ የሰፈሩት ከ400 በላይ አባወራዎች ስለ ቀያቸው የተጻፈውን ማንበብ የሚችሉት በሌላ ሰው ዓይን ነው።

ይሁንና ጥፋቱን በውጭ ሰዎች ላይ ብቻ መላከክ አይገባም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረጃ እንዲያወጡ፣ ለጠያቂም በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጡ ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ኢንተርኔትን ጭምር ይመለከታል። በተግባር ግን ብዙ ደብዳቤና መመሪያ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶግራፍ ይለጠፋል። የዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ የንባብ ሶፍትዌር እዚያ ላይ አንድም ፊደል አያገኝም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ቴክኖሎጂ የለም ማለት አይቻልም። ከማኅተሙ በፊት በኮምፒውተር የተጻፈውን ጽሑፍ አብሮ ማውጣት በቂ ነበር።

"የዳባት ገበሬ ድረ ገጽ ምን ያደርግለታል?" የሚሉ አይጠፉም። ገበሬው ራሱ ባይከፍተው ተማሪ ልጁ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛው ይከፍተዋል። ምንጩ ከተዘጋ እነዚህ ሁሉ ይዘጋሉ፤ የቀረውን ቦታ ወሬ ይይዘዋል።

ስለዚህ ነዋሪን የሚነካ ማንኛውም ሐሳብ ከመወሰኑ አስቀድሞ በአማርኛ ተጠቃሎ በሚነበብ ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ይውጣ፤ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ፤ በስብሰባም ጮክ ተብሎ ይነበብ። ወደ ራስ ዳሽን የሚወጣ ቱሪስት አምቢኮ የሚያድረው ስለ መንደሩ አስቀድሞ አንብቦ ነው። የአምቢኮ ሰው ደግሞ ስለ ራሱ መሬት የሚታሰበውን ከውሳኔው በኋላ ሊሰማ አይገባም።