ጉልበት ሁሉ ለጩኸት አይደለም

በጊፋታ ሰሞን ወላይታ ሶዶ የገባ ሰው የሙዚቃ እጥረት የለበትም። ያጣው ማዳመጥን ነው። የሱቁ ዘፈን ከባጃጁ ዘፈን ጋር ይጋጫል፤ ለሰሚው ግራ!

ወጣቱ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ቢሸሽ እኔ አልፈርድበትም። ግን ዘመድ ከውጭ የላከው ትልቁ ሄድፎን ስልክ ላይ ሲሰካ ድምፁ ይልፈሰፈሳል። «ተበላሽቷል» ይባላል። ኧረ አልተበላሸም፣ ጉልበት ጠምቶት ነው! ሃይፋይማን የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤችኢ-6 ለምሳሌ በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው 83.5 ዴሲቤል ነው። 100 ለመድረስ 45 ሚሊዋት ያህል ይፈልጋል፤ ከበሮው ድንገት 110 ሲደርስ ደግሞ የዚያን አሥር እጥፍ። ስልክ ይህን ከየት ያመጣዋል? ኪስ የሚገባው ባለ ባትሪ ማጉያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራውን አያቆምም።

ጉዱ ያለው ግን ወዲህ ነው። ያንኑ ማጉያ ተራ ማዳመጫ ላይ የሰካ ሰው ጆሮውን ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ሲፈቅድ ለ90 የሚፈቅደው 4 ሰዓት ብቻ ነው። የሞተ የጆሮ ሕዋስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሳይቃጠል በቅጠል! ከመሰካታችሁ በፊት ድምፁን ዜሮ ላይ አድርጉት፤ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ግጥሙ ጥርት ሲልላችሁ እዚያው አቁሙ። የጉልበት ጥቅሙ ማጥራት እንጂ ማስጮህ አይደለም። መድረክ ላይ ድምፅ ማጉያ የማይለቁ ሹማምንትም ይህን ቢሰሙት አይከፋም።